መኪናዋ የት ነው የምታድረው? ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በበረዶ አገር

ሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ፣ ጥር ወር፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሰውየው ሁለተኛ እጅ የገዛትን ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አስነሳ። መስከረም ላይ ባትሪዋ ሲሞላ ስክሪኗ 230 ማይል ትሄዳለች ይል ነበር። ዛሬም ባትሪዋ ሙሉ ነው። ስክሪኗ ግን 140 ይላል። በጓንቱ ጠረግ አደረገው። 140። «በቃ፣ ተሸውጃለሁ» አለ ለራሱ።

አልተሸወደም። መኪናዋም አልተበላሸችም። ግን ሲገዛ ማንም ያላስረዳው ነገር አለ።

በሚኒሶታ፣ በኤድመንተን፣ በካልጋሪ፣ በኦስሎ፣ በስቶክሆልም የሚኖር ሐበሻ «መኪናዬ በብርድ የምትሄደው ርቀት ለምን ይህን ያህል ይቀንሳል?» ብሎ በየክረምቱ ይጠይቃል። (ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን አይደለም፤ የፈረንጁን በረዶ ነው።) አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ደግሞ ይገረማል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካገደ ወዲህ እዚያም የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ የቡና ወሬ ሆኗል። «እኛ ጋ ምንም አትል፣ እናንተ ጋ ምን ሆና ነው?» ይላል በስልክ። ልክ ነው። የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ ገነት ነው። ሚኒያፖሊስ ግን ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ገብታ የምታውቅ ከተማ ናት።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ባትሪ ብርድ ሲመታው ምን ይሆናል?

ቆፈን ይይዘዋል። ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ጠዋት ጣታችሁ ቆፍኖ የኮታችሁን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷችሁ ያውቃል? ጣቱ አልተቆረጠም፣ ጉልበቱም አልጠፋም። ብቻ አይታዘዝም። ሲሞቅ ይመለሳል።

የመኪናዋ ባትሪ ውስጥ ሊትየም የሚባል ብረት አለ። ጥቃቅን ቅንጣቶቹ ኤሌክትሪክ ተሸክመው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳሉ። ስንነዳ ወደ አንዱ፣ ቻርጅ ስናደርግ ወደ ሌላው። የሚጓዙት በፈሳሽ ውስጥ ነው። ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ጠዋት ላይ እንደረጋ ማር ይወፍራል፣ ጉዞውም ይከብዳል። ስለዚህ ባትሪው ያለውን ቶሎ መስጠት ያቅተዋል፣ የሚሰጡትንም ቶሎ መቀበል ያቅተዋል።

ሁለት ቃላት እዚህ ላይ እንለይ፤ ቀጥሎ እንፈልጋቸዋለን። «ኪሎዋት ሰዓት» ሲባል በርሜሉ ስንት ይይዛል ማለት ነው። «ኪሎዋት» ደግሞ ቧንቧው በምን ኃይል እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ለምሳሌ በ2017 ሞዴል የወጣችው ሼቭሮሌት ቦልት በርሜሏ 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በጥሩ አየር በዚያ 238 ማይል እንደምትሄድ ነው የአሜሪካ መንግሥት የመዘገበው።

ታዲያ 90 ማይሉ የት ገባ?

ብዙ ሰው «ባትሪው ቀዝቅዞ ነው» ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። አብዛኛው ግን ወደ እናንተ እግር ነው የሄደው። ወደ ማሞቂያው።

የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር፣ ኤኤኤ የሚባለው፣ በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ፈትኖ ነበር። ቦልትና ኒሳን ሊፍ ከአምስቱ ውስጥ ነበሩ። ብርዱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ማሞቂያው ሲዘጋ የሚሄዱበት ርቀት በአማካይ በ12 ከመቶ ብቻ ነው የቀነሰው። ማሞቂያው ሲከፈት በ41 ከመቶ ቀነሰ። የሰውየው ስክሪን ላይ ያለው 140 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም።

ይህ ለቤንዚን ሾፌር ግራ ነው። እዚያ ሂተር ነፃ ነበራ! ለምን ነፃ ሆነ? ሶስት ጉልቻን አስቡ። በእንጨት እንጀራ ስትጋግሩ ከእሳቱ ለምጣዱ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የቀረው ማድቤቱን ያሞቃል፣ ጭሱም ዓይን ያስለቅሳል። የቤንዚን ሞተር እንደዚያ ነው። ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማ የሚያዞረው ሲሶው ገደማ ቢሆን ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ክረምት ላይ የምትሞቁት ያንን ትርፍራፊ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከሚወስደው ጉልበት 90 ከመቶ ገደማውን ለጎማው ይሰጣል። ትርፍራፊ የለውም። ስለዚህ ማሞቂያው ራሱን ችሎ ከባትሪው ይቀዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይመጣል። ማሞቂያው 3 ኪሎዋት ይወስዳል እንበል። አውራ ጎዳና ላይ በአንድ ሰዓት 60 ማይል ስትሄዱ መኪናዋ ለመንዳት ብቻ 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች። ማሞቂያው በዚያ ላይ ከአንድ አምስተኛ ያነሰ ነው የሚጨምረው። ከተማ ውስጥ በበረዶ መንገድ በሰዓት 16 ማይል እየተጎተታችሁ ከሆነ ግን ለመንዳት የምትበላው 4 ብቻ ነው። ማሞቂያው ያው 3 ነው። መንዳቱን ሊያህል ምን ቀረው? ለዚህ ነው በበጋ ከተማ ውስጥ ቆጣቢ የነበረችው መኪና በብርድ ከተማ ውስጥ ሆዳም የምትሆነው።

ከዚህም የባሰው አጭር አጭር ጉዞ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ መመለስ፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ሥራ። በየመሃሉ መኪናዋ ቀዝቃዛ ትሆናለች፣ በየጊዜው እንደገና ትሞቃለች። አምስት ሲኒ ቡና ለማፍላት አምስት ጊዜ ከሰል እንደ ማቀጣጠል ነው። ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ይህንን በደንብ ያውቁታል። በየአስር ደቂቃው በር ሲከፍቱ ያሞቁት አየር ሁሉ ወደ ሚኒሶታ ሰማይ ይሄዳል። ብልሆቹ ማሞቂያውን ቀነስ አድርገው የወንበሩንና የመሪውን ማሞቂያ ይከፍታሉ። ወንበሩ የሚወስደው መቶ ዋት ቢሞላ ነው። አየሩን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የሚያሞቀው።

ሂት ፓምፕ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ፍሪጃችሁን ከጀርባው ንኩት። ይሞቃል። ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ወደ ውጭ እየጣለ ነው። ሂት ፓምፕ ያንኑ ገልብጦ ይሠራል፤ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ መኪናዋ ውስጥ ያስገባል። ብርድ ውስጥም ሙቀት አለ፣ ጥቂት ነው እንጂ። ሙቀት ከመፍጠር ሙቀት ማዘዋወር ስለሚረክስ በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሁለት ሶስት ኪሎዋት ሙቀት ያስገኛል። ሌላው ዓይነት ማሞቂያ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ አግሎ ነው የሚሠራው፣ አንዱን ለአንድ።

ታዲያ ብርዱ ከዜሮ በታች 15ን፣ 20ን ሲያልፍ የሚለቀመው ሙቀት ይሳሳና ሂት ፓምፑም ይደክማል። በሚኒያፖሊስ እጅግ መጥፎ ጠዋት ብዙም አያድናችሁም። ግን ክረምቱ ሁሉ መጥፎ ጠዋት አይደለም፤ ከዜሮ በታች አምስት የሆኑት ቀናት ብዙ ናቸው። የመጀመሪያዋ ቦልት ሂት ፓምፕ አልነበራትም። ሊፍ ከ2013 ጀምሮ በአንዳንድ ሞዴሎቿ ላይ አላት። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህን መጠየቅ የወንበር ቆዳ ከመጠየቅ ይቀድማል።

ቻርጅ ለማድረግስ ለምን ያን ያህል ይፈጃል?

ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። ተሳፋሪው ወደ ኋላ ቶሎ ቶሎ ካለፈ ሁሉም ይገባል። ተሳፋሪው ቆፍኖት እግሩን የሚጎትት ከሆነ ግን በሩ ላይ ይከመራል። ረዳቱ ዝም ብሎ መግፋት ከቀጠለ ሰው ይጎዳል።

ባትሪውም እንዲሁ ነው። ቻርጅ ሲደረግ የሊትየም ቅንጣቶቹ ከአንዱ ወገን መጥተው ግራፋይት በሚባል ነገር ውስጥ ገብተው መቀመጥ አለባቸው። ብርድ ላይ ቀስ እያሉ ነው የሚገቡት። በግድ ከተገፉ በሩ ላይ ተከምረው ጠንካራ ብረት ሆነው ይቀራሉ። ያ ደግሞ ባትሪውን ለዘለዓለም ይጎዳዋል። ስለዚህ የመኪናዋ ኮምፒውተር ረዳቱን «ቀስ!» ይለዋል። ቻርጀሩ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን መኪናዋ የምትቀበለው የምትችለውን ብቻ ነው። ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብላችሁ ከምትጮኹ በፊት ይህን አስታውሱ።

የአይዳሆ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ ታክሲ ሆነው የሠሩ ኒሳን ሊፎችን መረጃ አይተው ነበር። በ25 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት በፈጣን ቻርጀር የቆመች መኪና የምታገኘውን፣ በዜሮ ዲግሪ ያው ግማሽ ሰዓት ብትቆም በ36 ከመቶ ያነሰ ነው የምታገኘው። ዜሮ ዲግሪ ለሚኒሶታ ሰው ደግሞ ጃኬት የሚወለቅበት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን በጃንዋሪ 2024 ቺካጎ ላይ ታየ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20ን አልፏል። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ላይ መኪና በመኪና ሆነ። ባትሪዎቹ ቀዝቅዘው ስለነበር እያንዳንዱ መኪና ቻርጀሩን ለረጅም ጊዜ ያዘ። የማይሠሩ ቻርጀሮችም ነበሩ። ወረፋው ረዘመ። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ደግሞ እንዳይበርደው ማሞቂያ ከፍቶ ነው የሚጠብቀው፤ ተራው ሳይደርስ ባትሪው አለቀ። መኪኖች በገመድ ሲጎተቱ በቴሌቪዥን ታየ። «የኤሌክትሪክ መኪና በብርድ አይሠራም» የሚለው ወሬ ከዚያ ወዲህ በየሠርጉና በየለቅሶው ይወራል።

ታዲያ ኖርዌዮቹ እንዴት ቻሉት?

በዚያው በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 ከመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። በረዶ ውስጥ ነው የሚኖሩት። እርግጥ የኦስሎ ብርድ የሚኒያፖሊስን አያህልም፣ መንግሥታቸውም በቀረጥ ብዙ ረድቷቸዋል። ግን አንድ ትልቅ ነገር አላቸው። ብዙው ሰው መኪናውን የሚያሳድረው ሶኬት አጠገብ ነው።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚቋጠረው። ሶኬት ላይ ያደረች መኪና ሌሊቱን ቀስ እያለች ትሞላለች። ቀስ ስለሆነ ቅዝቃዜው ያን ያህል አያስቸግራትም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እወጣለሁ ብላችሁ በስልካችሁ ከነገራችኋት ከመውጣታችሁ በፊት ውስጧን ታሞቃለች፤ ብዙዎቹ ባትሪውንም ጭምር። ሙቀቱ የሚመጣው ከግድግዳው ነው፣ ከባትሪው አይደለም። በረዶው ከመስታወቱ ላይ ቀልጦ፣ ወንበሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ትወጣላችሁ። የቤንዚን ጎረቤታችሁ ግን መስታወቱን በፕላስቲክ እየፋቀ ነው። አልዋሽም፣ ያቺ ደቂቃ ደስ ትላለች።

መንገድ ላይ ያደረች መኪና ግን ሌላ ታሪክ ናት። ቀዝቅዛ ትነሳለች፣ ከራሷ ባትሪ ቀድታ ትሞቃለች፣ ቀዝቅዛ ፈጣን ቻርጀር ላይ ትሰለፋለች። መኪናዋ ያቺው ናት። የተለየው ማደሪያዋ ነው። አፓርታማ ተከራይቶ መንገድ ላይ ለሚያቆም ሰው በዚህ አገር ብርድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ከባድ ናት፤ ይህን አለሳልሼ አልጽፍም።

ሶኬት ሲባል የትኛው? አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ተራው የግድግዳ ሶኬት 120 ቮልት ነው። ከሱ 1.4 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል፤ በደህና ቀን በሰዓት 4 ማይል ያህል ይሞላል። አሥር ሰዓት ብታድር 40 ማይል። በጣም በበረደ ሌሊት ግን ከሚገባው ብዙው ባትሪውን ለማሞቅ ስለሚሄድ ጠዋት የምታገኙት ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። የልብስ ማድረቂያ ማሽን የሚሰካበት ዓይነት 240 ቮልት ከሆነ 7 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል። በዚያ የባሰውን ሌሊት እንኳ ሞልታ ታድራለች።

አንድ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ኤድመንተን ሄዳችሁ የቆየ አፓርታማ መኪና ማቆሚያ ብታዩ ከየመኪናው ፊት ሶኬት ያለው ምሰሶ ታያላችሁ። ለኤሌክትሪክ መኪና የተተከለ አይደለም። የቤንዚን ሞተር በብርድ አልነሳ ስለሚል ሌሊቱን የሚያሞቁበት ነው። የዚያ አገር ሰው መኪናውን ማታ ማታ መሰካት የጀመረው ኤሌክትሪክ መኪና ከመምጣቷ በፊት ነው! ብቻ አንዳንዱ ምሰሶ በሰዓት ቆጣሪ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። ከመሰካታችሁ በፊት የሕንፃውን አስተዳዳሪ ጠይቁ።

በረዶ ውስጥ ብቀረቀርስ?

ይህ ጥያቄ ሰውን በጣም ያስፈራዋል። ጃንዋሪ 2022 ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንተርስቴት 95 ላይ በረዶ ጥሎ መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረዋል። ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀሩ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ። «ያን ቀን ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ብሆንስ ኖሮ?» ተባለ።

እስቲ እናስላው። ቆማ ማሞቂያዋ ብቻ የሚሠራ ትንሽ መኪና ወደ 2 ኪሎዋት ትወስዳለች እንበል። ባትሪዋ ግማሽ ከሆነ፣ ማለትም 30 ኪሎዋት ሰዓት ካላት፣ 15 ሰዓት ታቆያለች። ሙሉ ከሆነ 30። ማሞቂያውን ቀንሳችሁ ወንበሩን ብታሞቁ ከዚያም በላይ። ታንኩ ሙሉ የሆነ የቤንዚን መኪና ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፣ በጄሪካንም ቤንዚን ይመጣለታል። በሌላ በኩል ግን የቤንዚን መኪና ጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። የኤሌክትሪኳ ጭስ የላትም። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ማዕበል ሊመጣ ነው በተባለ ቀን በሃያ ከመቶ ባትሪ አትውጡ። ብርድ ልብስ ደግሞ የትኛውም መኪና ውስጥ ይኑር።

የሚያንሸራትት መንገድ ላይስ?

ባትሪው ከታች ስለተዘረጋ ክብደቷ መሬት ይዟል፣ በቀላሉ አትገለበጥም። ግን ሁለት ነገር ልመዱ። አንደኛ፣ ነዳጅ ስትረግጡ ኃይሉ ባንዴ ነው የሚመጣው። (አሁንም «ነዳጅ ረገጥኩ» ነው የምንለው፣ ምን ይደረግ።) በረዶ ላይ ፊተኛው ጎማ ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ እግራችሁን ቀለል አድርጉ። ሁለተኛ፣ እግራችሁን ስታነሱ መኪናዋ ራሷ ፍሬን ይዛ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ትመልሳለች። ሾፌሮች «ሪጀን» ይሉታል። ግግር በረዶ ላይ ይህ ድንገተኛ መያዝ ሊያንሸራትት ይችላልና በእንደዚያ ያለ ቀን ዝቅ አድርጉት። ቀዝቃዛ ባትሪ ደግሞ ጉልበቱን ስለማይቀበል ጠዋት ላይ ሪጀኑ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። ትናንት የያዘችው መኪና ዛሬ ዝም ብላ ስትሄድ እንዳትደነግጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ጎማ ነው። ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ የበረዶ ጎማ ግን እንደለሰለሰ ይቆያል። የኬቤክ ክፍለ ግዛት ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሕግ ያስገድዳል። ርቀቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና እንኳ ፍሬን ሲይዝ የሚያድነው ጎማው ነው።

ጥቃቅኑን ልጥቀስ። የቻርጅ መሰኪያው ክዳን በውርጭ ይጣበቃል፤ በጡጫ ጎኑን መታ መታ አድርጉት፣ የፈላ ውሃ ግን አታፍሱበት። ገመዱ እንደ ዱላ ይደርቃል። በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የቤንዚን መኪና ላይ ያለው ዓይነት ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪም አለ፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናዋ አትነሳም። ብዙ ሰው «ሞተችብኝ» ሲል ጥፋተኛው ይህ ትንሹ ባትሪ ነው።

ብርዱ ባትሪውን ያስረጀዋል?

አያስረጀውም። ባትሪን የሚያስረጀው ሙቀት ነው። ሊፍ ባትሪዋን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ነገር አልነበራትም፣ በ2012 አሪዞና በረሃ ውስጥ የነበሩ ባለቤቶች ባትሪያቸው ቶሎ አቅም እያጣ ነው ብለው አቤት ብለዋል። የሰሜን ሰው ያን ያህል አልጮኸም። ስለዚህ ሁለት እኩል ዕድሜ ያላቸው ሊፎች ከፊታችሁ ቢቆሙ፣ አንዷ ከፊኒክስ፣ አንዷ ከሚኒሶታ፣ በባትሪ በኩል የሚኒሶታዋ ትሻላለች። ከሥሯ ግን ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቷን በልቶት ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ሰውዬ በቀን የሚነዳው 45 ማይል ነው። 140 ይበቃዋል። መጋቢት አልፎ ሚያዝያ ሲገባ ስክሪኗ ወደ 230 ትመለሳለች። አሁን የያዘው ጭንቀት ሌላ ነው፦ ከመኪና ማቆሚያው ጥግ አንድ ሶኬት አይቷል፣ ከተተወ አልጋ ጀርባ። ይሠራ አይሠራ እንደሆነ፣ ቢሠራም ማን እንደሚከፍልበት ለሕንፃው አስተዳዳሪ ጽፎ መልስ እየጠበቀ ነው።